ግምቡን የሠሩ፣ ርስቱን ያጡ፦ የቤተ እስራኤል ታሪክ በጎንደር

ጎንደርን የሚያስጎበኝ ሰው የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከሰዓት በኋላ ጥምቀተ ባሕሩና ቁስቋም። ቀኑ ካልመሸ ደግሞ ወደ ደባርቅ በሚወስደው ጎዳና ወጣ ተብሎ ወለቃ ይደረሳል። እንግዳው እዚያ የሸክላ ምስሎች ይገዛል፤ የዳዊት ኮከብ ባለበት ጎጆ ፊት ፎቶ ይነሣና ይመለሳል። በዚህ አካሄድ ቤተ እስራኤል የጉብኝቱ ምርቃት ናቸው። ዘመኑን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ግን ከእነሱ መጀመር ይኖርበታል፤ ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት በዙሪያዋ ነበሩ፣ ስትቆረቆር ድንጋይ ጠርበውላታል፣ ስትወድቅም አብረው ወድቀዋል። ስለዚህ ጉብኝቱን ከግምቡ በር ሳይሆን ግምቡ ገና ካልነበረበት ዘመን እንጀምረው።

ከጎንደር በስተሰሜን የወገራ ደጋ አለ፤ ከወገራ ማዶ ደግሞ የሰሜን ተራሮች። ቤተ እስራኤል እንዴት እዚህ እንደደረሱ የሚተረከው በብዙ መንገድ ነው። ገሚሱ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም የመጡ ናቸው ይላል፤ ገሚሱ ከጠፋው ከዳን ነገድ ያደርጋቸዋል፤ ከታሪክ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ ማኅበረሰቡ መልኩን የያዘው እዚሁ፣ በአገው ምድር፣ ኦሪትን አጥብቀው ከያዙ ሰዎች መካከል ነው ባዮች ናቸው። የዘር ክርክሩ ገና አልተቋጨም። በጽሑፍ የተቀመጠው ነገር የሚጀምረው ግን ከጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 የተካሄደውን የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመቻ የሚተርከው ዜና መዋዕል ንጉሡ በሰሜን፣ በወገራ፣ በጸለምትና በጸገዴ የሚኖሩ፣ እንደ አይሁድ ክርስቶስን የካዱ ባላቸው ሰዎች ላይ ጦር መላኩን ይናገራል።

መቶ ዓመት ሳይሞላ ዐፄ ይስሐቅ ራሱ ዘመተ። ይስሐቅ የነገሠው በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ግብር አልከፍልም ያለውን የአካባቢውን ገዥ በወገራ፣ ኮሶጌ ላይ ድል አደረገ፤ በድሉ ቦታም ቤተ ክርስቲያን አሠራ። የሚቀጥለውን የቤተ እስራኤል ታሪክ ሁሉ የወሰነውም ከዚህ ድል ጋር አብሮ የሚጠራው አዋጅ ነው፤ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይወርሳል፣ ያልተጠመቀ ርስት አይኖረውም ተባለ። አዋጁ በአንድ ቀን በሁሉም አገር አልተፈጸመም፤ በሰሜን ተራሮች ላይ ነጻነታቸውን የጠበቁ ባላባቶች ከዚያ በኋላም ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይተዋል። መርሁ ግን ተተከለ። በዚህ አገር ርስት የሌለው ሰው ገበታው ብቻ አይደለም የሚጎድለው። ዘሩን የሚቆጥርበት፣ በአደባባይ የሚሟገትበት፣ ለልጁ የሚያወርሰው ነገር የለውም። የሰው መሬት በጭሰኝነት ያርሳል፤ ያም ካልበቃው እጁን ይሸጣል። ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ መሥራት፣ ሸማ መሸመን፣ ግንብ መገንባት የቤተ እስራኤል ሙያ የሆኑት እንዲህ ነው፤ መሬቱ ሲነጠቅ የቀረው እጅ ነበር።

በሌላ በኩል ሃይማኖታቸው በዚያው ዘመን ይበልጥ ጠነከረ። እንደ ማኅበረሰቡ ትውፊት አባ ሰብራ የሚባሉ መነኩሴና የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ልጅ ነው የሚባለው ጸጋ አምላክ በ15ኛው መቶ ዘመን ምንኩስናን፣ የጸሎት ሥርዓትንና የንጽሕና ሕግን አደራጁላቸው። በአይሁድ ዓለም ምንኩስና እንግዳ ነገር ነው፤ በጎንደር ዙሪያ ግን ቄሶቻቸውን የሚያስተምሩት መነኮሳት ነበሩ። ኦሪቱን የሚያነቡት በግዕዝ ነው፤ ሰንበትን የሚያከብሩት ዐርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት አጥፍተው ነው። መንደሮቻቸውን ወንዝ ዳር የሚመሠርቱትም ለመንጻት የሚሆን ውኃ ቅርብ እንዲሆን ነበር።

የመጨረሻዎቹ ጦርነቶች የተደረጉት በሰሜን ተራሮች ላይ ነው። ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ1570ዎቹና በ1580ዎቹ እ.ኤ.አ. ደጋግሞ ዘመተባቸው፤ መድፍ ወደ ገደል አስወጥቶ ረዳኢ የሚባለውን ገዥ በምሽጉ ከበበ። የንጉሡ ጸሐፊ ለጌታው የጻፈ ቢሆንም አንድ ነገር ሊያልፈው አልቻለም። አንዲት ምርኮኛ ሴት እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ስትነዳ አዶናይን ጠርታ ራሷን ወረወረች፤ ማራኪዋም አብሯት ወረደ። ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ አድናቆቱን አልሸሸገም። ከዚያ ዐፄ ሱስንዮስ መጣ። በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ. የሰሜኑ ገዥ ጌዴዎን ወደቀ፤ ከእሱ በኋላ በራሱ ባላባት የሚገዛ የቤተ እስራኤል አገር አልተነሣም። የቀሩት ገሚሱ ተጠመቀ፣ ገሚሱ ተሸጠ፣ ገሚሱ ተበተነ።

የጎንደር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ሽንፈት ማግስት ነው። የሱስንዮስ ልጅ ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻው አደረጋት። ድንኳን ተክሎ ድንኳን እየነቀለ የኖረ ቤተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ ሊቀመጥ ነው። በኖራ መገንባት በሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ጋር የተስፋፋ ጥበብ ነው፤ የግንቡ ንድፍም የፖርቱጋል፣ የህንድና የአገር ውስጥ አሠራር የተቀላቀለበት ነው ይባላል። ነገር ግን ማን ይጥረበው? ማን ይገንባው? የበሩን ማጠፊያ ማን ይቀጥቅጥ? የቤተ እስራኤል ትውፊትና የተመራማሪዎች ጥናት በዚህ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ ከጠራቢዎቹ፣ ከግንበኞቹ፣ ከአናጺዎቹና ከቀጥቃጮቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ። አባቶቻቸው በሰሜን ተራራ ላይ የተሸነፉ ሰዎች ለአሸናፊው ልጅ ግምብ አቆሙለት።

ፋሲል ግቢ ዛሬ እንግዳ የሚደነቅበት ስፍራ ነው፤ 12 በሮች ባሉት አጥር ውስጥ የፋሲለደስ ግምብ፣ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አስጎብኚው እያንዳንዱን ሕንፃ በንጉሡ ስም ይጠራል፤ ትክክልም ነው፣ ያሠሩት ነገሥታቱ ናቸውና። ሆኖም መቶ ዓመት ሙሉ አንዱ ንጉሥ በሌላው ጎን ሲያስገነባ ለባለሙያው መቶ ዓመት ሙሉ ሥራ አልጠፋም ማለት ነው። ለቤተ እስራኤል ይህ የደህና ቀን ዘመን ነበር። አለቆቻቸው እንደ በጅሮንድና አዛዥ ያሉ ማዕረጎች አገኙ፤ ከቤተ መንግሥቱ ጦር ውስጥ የተሰለፉም ነበሩባቸው። ለአገልግሎታቸው መሬት የተሰጣቸውም አሉ። ይስሐቅ በአዋጅ የዘጋውን በር እጃቸው በከፊል ከፈተላቸው።

በከፊል ብቻ። የፋሲለደስ ልጅ ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር ጉባኤ አስቀምጦ የሃይማኖት ልዩነት በሰፈር ልዩነት እንዲታይ አዘዘ። ፈረንጆቹ ወይ እንዲጠመቁ ወይ አገር እንዲለቁ፣ እስላሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ፣ ቤተ እስራኤልም ከክርስቲያን ጋር በአንድ ሰፈር እንዳይኖሩ ተወሰነ። ከተማው እስላም ቤትና ካይላ ሜዳ የሚባሉ ሰፈሮችን ያወቀው እንዲህ ነው። ካይላም ፈላሻም ሌላው የሰጣቸው መጠሪያ ነው፤ እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። አዋጁ ከሥራ አላስወጣቸውም፤ ግንበኛው ቀን ቀን የንጉሡን አዳራሽ ይገነባል፣ ማታ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ለቄሶቹም የተለየው ሰፈር ሙሉ በሙሉ አልከፋም፤ ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ መታጠብ አለበት የሚለውን ሕጋቸውን መጠበቅ ቀለላቸው። ጎረቤቶቻቸው በዚህ ጥንቃቄ «አትንኩኝ» የሚል ቅጽል አወጡላቸው። ሁለቱም ወገን መራራቁን የፈለገበት ምክንያት ነበረው፤ ርቀቱን በአዋጅ ሊያስጠብቅ የሚችለው ግን አንዱ ብቻ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ የነገሥታቱ ሥልጣን እያለቀ ነበር። ስለ ቤተ እስራኤል የሰማውን ሰብስቦ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ለአውሮፓ አንባቢ አቀረበ። ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ንጉሥ የሚባለው በግምቡ ውስጥ የመሳፍንቱ እስረኛ ሆነ፤ ግምብ የሚያሠራ ጠፋ። ባለሙያው ደንበኛውን ሲያጣ ማዕረጉም መሬቱም ተከትለው ሄዱ። ግንበኛው ማረሻ ቀጥቃጭ፣ ሚስቱ የምጣድና የጀበና ሠሪ ሆኑ። ገበሬው ያለ እነሱ ማረስ፣ ባለቤቱም ያለ እነሱ እንጀራ መጋገር አይችሉም ነበር። ይሁንና ብረትን በእሳት የሚያለሰልስ ሰው ሰውንም ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው የቡዳ ወሬ የበረታው በእነሱው ላይ ነው። ሕፃን ቢታመም፣ ላም ብትነጥፍ ጥፋቱ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ያመለክታል። ይህ እምነት ስንቱን ሰው እንዳስደበደበና ከቀዬው እንዳፈናቀለ የጎንደር ሽማግሌ ያውቀዋል።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አዲስ እንግዳ መጣ። በለንደን ተቋቁሞ አይሁዶችን ወደ ክርስትና ለመመለስ የሚሠራ ማኅበር ሚስዮናውያኑን ወደ ደምቢያ ላከ። ሄንሪ ስተርንና ማርቲን ፍላድ በዐፄ ቴዎድሮስ ፈቃድ ገቡ፤ ንጉሡ ግን የሚያምን ካለ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ አላቸው። በደምቢያ ያለው ጀንዳ የስብከታቸው ማዕከል ሆነ። በየመንደሩ ከቄሶቹ ጋር ክርክር ተነሣ፤ ጥቂቶች ተለወጡ፤ ሌሎቹ ደንግጠው የዓለም መጨረሻ ደረሰ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ ማኅሪ የሚባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ነበር። ትግራይ ሲደርሱ ረኃብና በሽታ ጨረሳቸው፤ የተረፉት ተመለሱ። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው እንደገና በእግር እንደሚወጡ ያን ጊዜ ማን ያውቃል?

የሚስዮናውያኑ ወሬ በአውሮፓ ያሉ አይሁዶችን አነቃ። ከፓሪሱ የአይሁድ ማኅበር ከአሊያንስ እስራኤሊት የተላከው ጆሴፍ ሃሌቪ በ1867 እ.ኤ.አ. መጣ፤ እኔም እንደ እናንተ አይሁድ ነኝ ሲላቸው ነጭ አይሁድ ኖሮ ያውቃል ብለው አላመኑትም። ያመኑት ኢየሩሳሌምን ሲጠራ ነው። ሃሌቪ አገሩ ገብቶ እርዳታ ይላክ ቢልም ሰሚ አላገኘም። በዚህ መሐል በ1888 እ.ኤ.አ. የሱዳን ደርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ፤ ክፉ ቀን የሚባለው ረኃብም ያን ጊዜ ጀመረ። ከብት አለቀ፤ ሰው በመንገድ ቀረ። መሬትም ጎተራም የሌለው ቤተ እስራኤል ከማንም በላይ ተጎዳ፤ መንደሮች ጠፉ፣ ምንኩስናው ከዚያ በኋላ አላገገመም፤ ብዙዎች ለእንጀራ ሲሉ ተጠመቁ። የእነዚህ ልጆች ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተዘጋምና ወደ እነሱ እንመለሳለን።

የሃሌቪ ተማሪ ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ከመምህሩ የተለየ ሐሳብ ይዞ ነበር፤ ብልህ ወጣቶችን ወስዶ በውጭ ማስተማርና ለወገናቸው መምህር አድርጎ መመለስ። ከእነዚህ አንዱ ታምራት አማኑኤል የዘመኑ ታላቅ ምሁር ሆነ፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት የመራው እሱ ነው። ሁለተኛው ዮና ቦጋለ ናቸው። ወለቃ ተወልደው በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተማሩ፤ ከጣሊያን መውጣት በኋላ በጎንደር ገጠር ትምህርት ቤቶችን ሲያቋቁሙና ለውጭው ዓለም ደብዳቤ ሲጽፉ ዕድሜያቸውን አሳለፉ። አስጎብኚው ወለቃ ሲደርስ ከሸክላው በፊት የእሳቸውን ስም ቢጠራ ይገባል።

አሁን ወለቃና አምቦበር እንግባ፤ ጊዜው የኃይለ ሥላሴ መጨረሻ ነው። አምቦበር ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለ ትልቅ የቤተ እስራኤል መንደር ነው፤ ትምህርት ቤትና ጸሎት ቤት አለው። በመንደሩ ዳርቻ በወር አበባ ላይ ያሉ ሴቶች የሚቆዩበት ጎጆ ይታያል፤ ዐርብ ከሰዓት ሴቶቹ የሰንበቱን ዳቦ ጋግረው እሳቱን ያጠፋሉ። ከአስተሥርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ስግድ ይሆናል። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው በጃንጥላ ታጅበው ተራራ ይወጣሉ፤ ሕዝቡ ጾሞ ይከተላል፤ አንዳንዱ ለንስሐ ድንጋይ በራሱ ይሸከማል። እዝራና ነህምያ ይነበባል፤ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ይሰግዳሉ፤ ከቀትር በኋላ ወርደው ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ። የወለቃ ሴቶች ደግሞ ከምጣዱና ከጀበናው ጎን ለቱሪስት የሚሆን ትንንሽ ምስል መሥራት ለምደዋል፦ አንበሳ፣ ቄስ፣ ሰሎሞንና ሳባ። ወንዶቹ የሚያርሱት ያው የባላባቱን መሬት ነው፤ ከምርቱ ለባለርስቱ ያካፍላሉ።

ያ ያበቃው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገበት አዋጅ ርስትና ጭሰኝነት በአንድ ቀን ተሻሩ፤ ከይስሐቅ ወዲህ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ቤተ እስራኤል እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት የሚደርሰው ሆነ። ደስታው ግን አልዘለቀም። መሬቱ የተወሰደበት ባላባት ደርግን ወደሚወጋው ወደ ኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት) ጫካ ገባ፤ መሬት የተሰጣቸው ቤተ እስራኤልም የበቀል ዒላማ ሆኑ። ቀጥሎ የመጣው ቀይ ሽብር በጎንደር የባሰ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. ኦርት የተባለው የአይሁድ ድርጅት ያቋቋማቸው ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ድርጅቱ ከአገር ወጣ። ከዚያ ቀደም ሲል ደግሞ በኢየሩሳሌም ሌላ በር ተከፍቶ ነበር፤ የሴፋርድ አይሁድ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. የቤተ እስራኤልን አይሁድነት አጸደቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የእስራኤል መንግሥት አይሁድ ወደ አገሩ ገብቶ እንዲኖር የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እንዲመለከታቸው ወሰነ። ባልተለመደ አጋጣሚ መሬቱና የመሄጃው መብት በአንድ ዓመት ተሰጡ።

ወደ እስራኤል መሄድን መረጡ። ከደርግ ኬላ ለመሸሽ በሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን ቀን በዱር እየተደበቁ ወደ ሱዳን ወረዱ። ገዳሪፍ አቅራቢያ ባሉት መጠለያዎች አይሁድነታቸውን ደብቀው ጠበቁ። ረኃብ፣ ኩፍኝና ሽፍታ በመንገድና በመጠለያ 4,000 ያህል ሰው ጨረሱ፤ መታሰቢያቸው ዛሬ በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ይታያል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከ6,500 እስከ 8,000 የሚገመቱ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ወጡ፤ ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ሱዳን አቆመችው። መንገዱ ሲቆረጥ እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ፣ ባል በሱዳን የቀረበት ቤት ብዙ ነው።

የቀሩት በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. ከጎንደር መንደሮች ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ፤ በእስራኤል ኤምባሲ ዙሪያ ቤት ተከራይተው ጠበቁ። ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ የሰሎሞን ዘመቻ ተጀመረ፤ በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰው ወደ እስራኤል በረረ። የአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ ሰው በወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዘመቻው ሰንበትን ሽሮ ተካሄደ፤ ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራልና። ከዚህ ዓርብ በኋላ በአምቦበር ስግድ የሚወጣ ሕዝብ አልቀረም፤ በወለቃ የሸክላውን ሙያ የወረሱት ሌሎች ሴቶች ናቸው። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ከ160,000 በላይ የኢትዮጵያ ተወላጆች ይኖራሉ፤ ስግድም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት በዓል ነው።

የጉብኝቱ የመጨረሻ ቦታ በካርታ ላይ ያለ ቅርስ አይደለም። በክፉ ቀንና ከዚያ በኋላ የተጠመቁት ሰዎች ልጆች፣ ፈላስ ሙራ የሚባሉት፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ መንደራቸውን ጥለው በጎንደርና በአዲስ አበባ ተጠለሉ። በጎንደር ጸሎት ቤት አላቸው፤ ዕብራይስጥ ይማራሉ፤ ሰንበትና በዓላትን ያከብራሉ። በየጊዜው የተወሰኑት ይሄዳሉ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ጎንደር ሲገባ ከ200 በላይ ሰዎች ከጎንደርና ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ወጥተዋል። የቀሩት ፋይላቸው በኢየሩሳሌም ቢሮዎች ይመረመራል፤ እናትህ ማን ናት፣ አያትህ ከየት መንደር ነበሩ፣ እዚያ ያለው ወንድምህ በአባት ነው በእናት? ብዙዎቹ የሚጠብቁት ለማረስ ወደማይመለሱበት መንደር ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በቀን ሥራ እያደሩ ነው። በይስሐቅ ዘመን ሰው የአባቱን መሬት ይዞ ለመቆየት የአባቱን እምነት መተው ነበረበት፤ ዛሬ ወደ አባቶቹ ምድር ለመሄድ አያቶቹ እምነታቸውን ከመተዋቸው በፊት ማን እንደነበሩ ማስረዳት አለበት። በጎንደር የቤተ እስራኤልን ታሪክ የሚያስጎበኝ ሰው ይህን ሳይናገር ጉብኝቱን ቢጨርስ ስላለፈው ብቻ አውርቶ ታሪኩ ገና እየተፈጸመባቸው ያሉትን ሰዎች ዘለላቸው ማለት ነው።